ኮሎኝ ላይ ባቡር ለምትቀይሩ ተማሪዎች፦ የሦስት ሰዓት ቆይታ አጠቃቀም

ኮሎኝ ለአጭር ቆይታ እጅግ ትመቻለች፤ ታላቁ ካቴድራል ከዋናው ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ይበቃል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ካላችሁ ግን ማማውን ተዉትና የካቴድራሉን ውስጥ ብቻ አይታችሁ ተመለሱ።

ሥራው የሚጀምረው ቲኬት ስትቆርጡ ነው። «ሽፓርፕራይስ» የሚባለው ቅናሽ ቲኬት ፈጣን ባቡር ላይ የሚያገለግለው ለተመዘገበበት ጉዞ ብቻ ነው። የሃያ ደቂቃ መቀየሪያ ያለው ቆርጣችሁ «በሚቀጥለው እሄዳለሁ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ በጀርመን ባቡር መተግበሪያ ስትገዙ ኮሎኝን ማረፊያ አድርጋችሁ አስገቡ፤ የምትቆዩበትንም ሰዓት እዚያው ሙሉ።

የምትሳፈሩበትን ጣቢያ ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። «ኮልን ሃውፕትባንሆፍ» ዋናው ነው፤ «ኮልን ሜሴ/ዶይትስ» ግን ከራይን ወንዝ ማዶ ነው፤ አንዳንድ ፈጣን ባቡሮች የሚነሡት ከዚያ ነው። በኤስ-ባን (በከተማ ባቡር) አንድ ፌርማታ ብቻ ቢሆንም፣ ሳያውቁት ለቀረ ሰው ባቡር የሚያስመልጠው ይኸው ነው። ዶይትስ ላይ መስመሩ 11 ወይም 12 «ቲፍ» ከተባለ ደግሞ ከታች፣ ከሌሎቹ መስመሮች ሥር ነው።

ትልቅ ሻንጣ ይዞ ካቴድራል መግባት አይፈቀድም። ጣቢያው ውስጥ ያለው የሻንጣ ማስቀመጫ ማሽን ዕቃውን ተቀብሎ ወደ ምድር ቤት ያወርደዋል፤ የሚሰጣችሁን ካርድ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙት፣ ያለ እሱ ሻንጣው አይወጣም። ስትመለሱ ሰልፍ ሊኖር ስለሚችል 15 ደቂቃ ጨምሩ።

«ዶም» በሚለው በር ውጡ። «ብሬስላወር ፕላትስ» በሚለው ከወጣችሁ ጣቢያው በእናንተና በካቴድራሉ መካከል ይቀራል።

ካቴድራሉ ውስጥ በቀጥታ ወደ ዋናው መሠዊያ ዝለቁ። ከጀርባው ያለው የወርቅ ሣጥን የሰብአ ሰገል አፅም ያረፈበት ነው ተብሎ ይታመናል። አፅሙ ከሚላኖ የመጣው በ1164 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የዛሬው ሕንፃ በ1248 ተጀምሮ ያለቀው በ1880 ነው። በደቡብ ክንፍ በኩል ከ11 ሺህ በላይ ባለቀለም የመስታወት ቁራጮች የተገጠሙበት መስኮት አለ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ማየቱ ለብቻው ጉዞ ያስቆርጣል። ቅዳሴ ላይ ጎብኚ ስለማይገባ፣ በተለይ እሑድ ጠዋት፣ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የደቡቡ ማማ 533 ደረጃ አለው፤ ሊፍት የለውም። ጠመዝማዛው ደረጃ ጠባብ ሆኖ ወጪና ወራጅ ስለሚተላለፍበት ከ45 ደቂቃ በታች አታስቡ። በመንገዱ 24 ቶን የሚመዝነውን ደወል ታያላችሁ።

ከዚያ ከካቴድራሉ ጀርባ ወደ ሆሄንሶለርን ድልድይ ሂዱ፤ ድልድዩ 400 ሜትር ያህል ይረዝማል። ፍቅረኞች ቁልፍ የሚቆልፉበት አጥር ያለው በደቡቡ የእግር መንገድ ነው። ማዶ ተሻግራችሁ ዞር ስትሉ ወንዙ፣ ድልድዩና ካቴድራሉ አንድ ላይ ይታያሉ፤ ፎቶ የሚነሣው ከዚህ ነው። ባቡራችሁ ከዶይትስ የሚነሣ ከሆነ መጀመሪያ ሻንጣውን አውጡና ድልድዩን ተሻግራችሁ እዚያው ቅሩ።

እሑድ የከተማው ሱቆች ዝግ ናቸው፤ የጣቢያው ክፍት ስለሆኑ ምግብ ከዚያ ግዙ። ለመጸዳጃ ቤት የዩሮ ሳንቲም ያዙ። ከመነሻው 10 ደቂቃ በፊት መስመሩ አለመቀየሩን ሰሌዳው ላይ ተመልከቱ፤ ሰሌዳው ላይ ከባቡሩ ስም ጎን የሚጻፉት ፊደላት ፉርጎዎቹ የሚቆሙበትን የመድረክ ክፍል ያመለክታሉ።