ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ካርዱን እንዳያስርበው፦ ኮምፒውተርን ለበጎ ፈቃድ ስሌት እንዴት ማስተካከል ይቻላል

የኮምፒውተራቸውን ትርፍ አቅም እንደ ፎልዲንግ አት ሆም ላሉ የምርምር ፕሮጀክቶች የሚሰጡ ሰዎች፣ የገዙት ውድ ግራፊክስ ካርድ ከጠበቁት በታች ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ካርዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ይህ ፕሮጀክት የፕሮቲኖችን እንቅስቃሴ ሲያሰላ፣ ከባዱን ስሌት የሚሠራው በእርግጥ ካርዱ ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙን የሚያሰልፍለት፣ መረጃ የሚያቀብለው፣ ውጤቱንም በየጊዜው እየመረመረ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ፕሮሰሰሩ ነው። እህል የሚያጎርሰው ሰው ከዘገየ ወፍጮው ባዶውን ይዞራል፤ ካርዱም እንዲሁ ነው፤ ካርዱ ፈጣን በሆነ መጠን ደግሞ የአጉራሹ መዘግየት ይበልጥ ይታያል።

በመጀመሪያ ምንም ሳይቀይሩ ይለኩ። የፎልዲንግ አት ሆም መዝገብ (ሎግ) ሥራው በ1 በመቶ በገፋ ቁጥር ሰዓቱን ስለሚጽፍ፣ በሁለት ተከታታይ መስመሮች መካከል ያለፈውን ጊዜ ከፕሮጀክቱ ቁጥር ጋር ይያዙ። የአንዱ ፕሮጀክት ሞለኪውል ከሌላው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ንጽጽሩ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ካልሆነ ምንም አይነግርዎትም። ከጊዜው ጎን ካርዱ የሚወስደውን ዋት ይመዝግቡ። የአጠቃቀም መቶኛው ካርዱ ሥራ ላይ መሆኑን እንጂ ምን ያህሉ ክፍል እንደሚሠራ በትክክል ስለማያሳይ፣ እኔ ዋቱን የበለጠ አምነዋለሁ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ካርድ ቢያንስ አንድ የፕሮሰሰር ትሬድ (ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው የሥራ ረድፎች አንዱን) ነፃ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ስሌቱን የሚመራው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ መጨረሱን ያለማቋረጥ እየጠየቀ ስለሚጠብቅ አንድ ሙሉ ትሬድ ይይዛል፤ በኤኤምዲ ካርዶች ላይ ግን ካርዱ ሲጨርስ እስኪቀሰቅሰው ድረስ ማረፍ ስለሚችል የሚይዘው ያነሰ ነው። እንግዲህ አንድ ትሬድ 100 በመቶ ተይዞ መታየቱ ብቻውን የፕሮሰሰሩን ድክመት አያረጋግጥም፤ ትሬዱ የተጠመደው «ጨረስክ ወይ?» በማለት ብቻ ሊሆን ይችላልና። በዚህ ምልክት ብቻ ተመርቶ ፈጣን ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው፣ በአዲሱም ላይ ያንኑ 100 ያገኘዋል።

ትሬዱን ነፃ ለማድረግ፣ ብዙ የበጎ ፈቃድ ስሌት ፕሮጀክቶችን በሚያሠራው ቦይንክ በተባለው ፕሮግራም የስሌት ምርጫዎች ውስጥ የፕሮሰሰሩን ድርሻ የሚወስነውን መቶኛ ዝቅ ያድርጉ። ለምሳሌ ባለ 8 ትሬድ ፕሮሰሰር ላይ 88 በመቶ ቢሞሉ 7 ትሬዶች ለፕሮሰሰር ሥራ ይውላሉ፤ አንዱ ይተርፋል። ፎልዲንግ አት ሆምንና ቦይንክን ጎን ለጎን የሚያሠሩ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ አንዱ ስለ ሌላው ስለማያውቅ፣ ሁለቱ የሚወስዱትን ትሬድ ደምሮ ልክ ማበጀት የእርስዎ ሥራ ነው። ፎልዲንግ አት ሆም ለተሳታፊዎች ላበረከቱት ስሌት ነጥብ ይቆጥራል፤ ሥራን ቶሎ ለሚመልስ ተጨማሪ ነጥብ ስለሚሰጥም፣ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ የዕለቱ ነጥብ በ15 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በፕሮሰሰሩ የመጨረሻ ትሬድ ላይ የሚገኘው ጥቂት ነጥብ ይህን ኪሳራ ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም።

ለውጡ ካልተሰማዎት አንድ ተጨማሪ ትሬድ ነፃ አድርገው እንደገና ይለኩ። በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ሁለት ትሬዶች አንድ ኮር (ስሌቱን የሚሠራውን የፕሮሰሰር ክፍል) ስለሚጋሩ፣ ነፃ የተባለው ትሬድ ጎረቤቱ በሥራ ከተጠመደ ያገኘው ግማሽ ኮር ነው ማለት ይቻላል።

ላፕቶፕ ላይ ከሆኑ በፕሮሰሰሩ የሚሠሩትን ሥራዎች በሙሉ አቁመው ይሞክሩ። ፕሮሰሰሩና ካርዱ ብዙ ጊዜ አንድ ማቀዝቀዣና አንድ የኃይል ገደብ ስለሚጋሩ፣ የፕሮሰሰሩ ትጋት ራሱ ካርዱን ያዘገያል። በዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ካርዱ የተሰካው በሰፊው ማስገቢያ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በቅርጹ ረጅም ሆኖ በውስጡ 4 የመረጃ ማስተላለፊያ መስመር ብቻ ያለው ማስገቢያ እንዳያታልልዎ።

በቦይንክ በኩል የሚሠራው አይንስታይን አት ሆም የተባለው የሥነ ፈለክ ምርምር ፕሮጀክት ሌላ ዘዴ ይፈቅዳል። በአንዳንድ ሥራዎቹ የስሌቱ ከፊል በፕሮሰሰሩ ስለሚከናወን ካርዱ በዚያ ጊዜ ሥራ ይፈታል። በፕሮጀክቱ ምርጫዎች ውስጥ የካርድ አጠቃቀም ድርሻውን 0.5 ቢያደርጉ ሁለት ሥራዎች አንድ ላይ ይሄዳሉ፤ አንዱ ፕሮሰሰሩን ሲጠብቅ ሌላው ካርዱን ይጠቀማል። ለዚህ በቂ የካርድ ሜሞሪና ሁለት ነፃ ትሬዶች ያስፈልጋሉ። በፎልዲንግ አት ሆም ግን ይህን አልመክርም፤ እያንዳንዱ ሥራ ስለሚዘገይ የፍጥነት ነጥቡ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዋቱ ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ በተለይም በትንንሽ ሞለኪውሎች ላይ፣ ፕሮሰሰር ስለመቀየር ማሰብ ይቻላል። ትንሽ ሞለኪውል ትልቅ ካርድን በራሱም ላይሞላው ስለሚችል፣ በትላልቆቹም ላይ ዋቱን ሳያዩ ገንዘብ አያውጡ። ለአንድ ካርድ የሚጠቅመው የኮር ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ነው፤ 6 ፈጣን ኮሮች ከ16 ዘገምተኛ ኮሮች ይሻላሉ። ሦስት ወይም አራት ካርድ በአንድ ሳጥን ለሚሰካ ሰው ግን የትሬዱ ብዛትና ፕሮሰሰሩ ለማስገቢያዎቹ የሚያቀርበው የመስመር ብዛት ይቀድማል።