አምባሰል ጀምራችሁ ትዝታ ሲሆንባችሁ፦ ቤዙን ፈትሹ

ችግር፦ በአምባሰል ቅኝት እየተጫወታችሁ ነው፤ ሰሚው ግን "ትዝታ ነው አይደል?" ብሎ ሌላ ቅኝት ይጠራል።

ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ዘፋኙ ነው። እሱን ለጊዜው ተዉትና የቤዚስቱ፣ ማለትም የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፣ ጣት የት እንደሚያርፍ እዩ። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ኖታዎቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። እነዚሁኑ አምስቱን ከፋ ጀምራችሁ ቁጠሯቸው፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ቁልጭ ያለ ትዝታ ማይነር! አንድም ኖታ አልተቀየረም፤ ማረፊያው ብቻ ዞረ። ማረፊያውን ለጆሮ የሚነግረው ደግሞ ቤዙ ነው። እሱ ፋ ላይ ከተደላደለ ዘፋኙ ዶ ላይ ቢጮህ ቢውል ሰሚ አያገኝም።

መፍትሄ፦ የዜማው ሐረግ ሲጀምርም ሲያልቅም ዶ ላይ እረፉ። መሃል ላይ ፋን መንካት ይቻላል፤ ግን አትክረሙበት። ኪቦርዱ ፋ ማይነር ኮርድ ይዞ ከተቀመጠ እሱንም አስነሱት።

ሌላው ጣጣ ሚ ነው። የፈረንጅ ኮርድ የለመደ ጣት ከዶ ተነስቶ ወደ ሚ መሮጥ ይወዳል። አምባሰል ውስጥ ሚ የለም፤ ሚ ፍላትም የለም። እኔ ራሴ አንድ ሠርግ ላይ መታኋት። ማሲንቆ ተጫዋቹ ዞር ብሎ ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ግራ ሲገባችሁ ዶና ሶል ይበቃሉ።

ችግር፦ ቺክቺካ የሚባለው ምት ትከሻ አያንቀሳቅስም።

አብዛኛውን ጊዜ ቤዚስቱ ኖታ አብዝቶ ነው። ቺክቺካ በ6/8 ነው የሚሄደው፤ ስድስቱንም ምቶች በቤዝ ከሞላችኋቸው ድራሙ መተንፈሻ ያጣል። ከኪኩ (በእግር ከሚመታው ትልቁ ድራም) ጋር እኩል ምቱ፣ ወዲያው ክሩን በመዳፍ አፍኑት። ከዚያ ቤዝና ድራም ብቻቸውን አምስት ደቂቃ ይጫወቱ። ያለ ዜማ ካላስወዘወዘ ዜማ ሲጨመርበትም አያድነውም።

ችግር፦ ቀረጻው በስልክ ሲሰማ ቤዝ የለም።

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። ስለዚህ ቤዙን መጨመር ትርፉ ድካም ነው። ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ ያለውን ጥቂት ከፍ አድርጉ፤ ካልሆነ መስመሩን አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ አውጥታችሁ ሞክሩት።

ችግር፦ የልምምድ ክፍሉ ያጉረመርማል።

አምፑን (የቤዙን ድምፅ ማጉያ) ከጥግ አውጡት። ጥግ ወፍራም ድምፅን ያባብሳል። የአምፑን ቁልፎች መነካካት ከዚያ በኋላ ይደረሳል።