ሆሎግራም እና ሲሙሌሽን፦ ስለ ዓለማችን ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ መብራት ሲጠፋ ሰማዩ ይገለጣል። እንዲህ ባለ አንድ ምሽት ብሎካችን ደጃፍ ላይ ቆመን ሳለ፣ ፊዚክስ የማስተምራት የጎረቤት ልጅ ስልኳን አቀረበችልኝ። "ቲቸር፣ ይሄን አይተውታል? ዓለም ሆሎግራም መሆኗ ተረጋገጠ ይላል። ኮምፒውተር ውስጥ ነን ማለት ነው?" በአንድ ትንፋሽ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ጠየቀችኝ። በእሷ አልፈርድም፤ ቪዲዮው ራሱ ሁለቱን ደባልቆ ነው ያቀረበው። ይህ ርዕስ በተነሣ ቁጥር የምሰማቸው ስህተቶች ተመሳሳይ ስለሆኑ ልጻፋቸው አልኩ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው መደባለቅ ነው። የሆሎግራም ሐሳብ የመጣው ከስበት ኃይልና ከኳንተም ፊዚክስ ሲሆን የሚሰላ ሒሳብ አለው። ሲሙሌሽን፣ ማለትም የምንኖረው ኮምፒውተር ባስመሰለው ዓለም ውስጥ ነው የሚለው ሐሳብ፣ ግን በዋናነት የፍልስፍና ክርክር ነው። ዓለም ሆሎግራም ብትሆን ፕሮግራም የሚጽፍ አካል መኖር አለበት አያሰኝም። ሲሙሌሽን ብትሆንም የግድ ሆሎግራም ናት አይባልም።

ሁለተኛው ስህተት፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው፣ "ሆሎግራም" የሚለውን ቃል "የሌለ ነገር" ብሎ መተርጎም ነው። አንዳንድ የቪዛ ካርዶች ላይ የምታብረቀርቅ እርግብ አለች። ካርዱን ዘንበል ቀና ሲያደርጉት ጥልቀት ያላት ትመስላለች፤ የተቀረጸችው ግን በስስ ጠፍጣፋ ሽፋን ላይ ነው። የፊዚክስ ሊቃውንት ቃሉን የተዋሱት ለዚህች ባሕርይ ብቻ ነው፦ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ያለው ነገር መረጃው ሁሉ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ሊሰፍር መቻሉ።

እንዴት እዚህ ደረሱ? ከሰፈራችን ጀርባ ገና ጤፍ የሚዘራባቸው ማሳዎች ስላሉ በጎተራ ላስረዳ። የአንድ ጎተራ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እጥፍ ቢሆን የሚይዘው እህል 8 እጥፍ ይሆናል፤ የግድግዳው ስፋት ግን የሚያድገው 4 እጥፍ ብቻ ነው። መረጃም እንደ እህሉ በይዘት ልክ ይጨምራል ብለን እንጠብቃለን። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጄኮብ ቤከንስታይን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ስቲቨን ሆኪንግም እ.ኤ.አ. በ1974፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠውን ብላክ ሆል የሚባለውን ጥቁር ጉድጓድ ሲያሰሉ ያገኙት ሌላ ነው። የጉድጓዱ ራዲየስ እጥፍ ሲሆን ሊይዘው የሚችለው መረጃ የሚያድገው 4 እጥፍ እንጂ 8 እጥፍ አይደለም። ጎተራው የሚይዘው በሆዱ ልክ መሆኑ ቀርቶ በግድግዳው ልክ ሆነ ማለት ነው! ሆላንዳዊው ጄራርድ ት ሆፍት እ.ኤ.አ. በ1993፣ ቀጥሎም አሜሪካዊው ሌናርድ ሰስኪንድ፣ ይህ ለጥቁር ጉድጓድ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የሕዋ ክፍል ሊሠራ ይችላል አሉ። ይህን ስሌት መጀመሪያ የተረዳሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ "ዓለም የለችም" የሚል የት አለ? በእኛ አካባቢ አንድ ማስታወቂያ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተጽፎ ይለጠፋል። አንደኛው እውነተኛ፣ ሌላኛው ሐሰተኛ ነው የሚል ሰው የለም። የግድግዳው አጻጻፍና የውስጡ አጻጻፍም እንደዚያው ናቸው፤ ስለ አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ ይናገራሉ።

ወደ ሲሙሌሽኑ ስንመጣ፣ "ፈላስፋው ኒክ ቦስትሮም ኮምፒውተር ውስጥ መሆናችንን አረጋግጧል" ይባላል። አላረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረበው ክርክር ከሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱ እውነት ነው የሚል ነው። ወይ እንደ ሰው ያሉ ሥልጣኔዎች ያን ያህል ከመራቀቃቸው በፊት ከሞላ ጎደል ሁሉም ይጠፋሉ፤ ወይ ቢራቀቁም ያለፈ ታሪካቸውን በኮምፒውተር አስመስለው ማስኬድ አይፈልጉም፤ ወይ ደግሞ እኛ ራሳችን በእርግጠኝነት ሊባል በሚችል ደረጃ ሲሙሌሽን ውስጥ ነን። ቪዲዮዎቹ ሁለቱን ቆርጠው ሦስተኛውን ብቻ ያቀርባሉ። ከዚያም በላይ ክርክሩ ኮምፒውተር ንቃተ ኅሊና ሊኖረው ይችላል ብሎ ይነሣል። ይህን የማይቀበል ሰው መደምደሚያውንም የመቀበል ግዴታ የለበትም።

"ይህን ቦታ በፊት አይቼዋለሁ" የሚል ስሜትን ወይም ግጥምጥሞሽን የፕሮግራም ብልሽት አድርጎ ማየትም አለ። ያ ስለ አእምሯችን አሠራር እንጂ ስለ ጽንፈ ዓለም የሚነግረን ነገር የለም።

ብርቱ ቴሌስኮፕ ቢገኝ የዓለምን "ፒክስል" እናያለን የሚሉም አሉ። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ እኮራባቸዋለሁ። ነገር ግን እዚህ የሚወራው ስለ ፕላንክ ርዝመት፣ ትርጉም አለው ተብሎ ስለሚታሰበው እጅግ ትንሹ ርዝመት ነው። አንድ ፕሮቶን ከእሱ ጋር ሲነጻጸር 1 ተጽፎ 20 ዜሮ የሚከተለው ያህል ጊዜ ይበልጣል። የትኛውም ቴሌስኮፕ እዚያ አይደርስም፤ ያለው መንገድ በተዘዋዋሪ መፈለግ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2012 ሦስት የፊዚክስ ተመራማሪዎች፣ ዓለም በኪዩብ ቅርጽ በተደረደረ መረብ ላይ የሚሰላ ቢሆን ከሕዋ የሚመጡት እጅግ ኃይለኛ ጨረሮች ከየአቅጣጫው እኩል ላይመጡ እንደሚችሉ አስልተው አሳይተዋል። አገኘን አላሉም፤ የት መፈለግ እንደሚቻል ነው ያሳዩት።

የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ፤ አንድ ሙከራ ባዶ ሲመለስ "ሆሎግራም ውድቅ ሆነ" ብሎ መዝጋት። ቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው ፌርሚላብ እያንዳንዱ ክንዱ 40 ሜትር በሆነ ሁለት የሌዘር መለኪያ የሕዋ "ንዝረት" ተፈልጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አልተገኘም ተባለ። ሙከራው ክቡር ነው፤ የፈተነው ግን አንድ የተለየ ግምት እንጂ የት ሆፍትንና የሰስኪንድን ሐሳብ በሙሉ አይደለም።

የመጨረሻው "ተረጋገጠ" የምትለዋ ቃል ናት። እ.ኤ.አ. በ1997 የፊዚክስ ሊቁ ሁዋን ማልዳሴና የውስጡና የግድግዳው አጻጻፍ ፍጹም ይገጣጠማሉ ያለበትን የሒሳብ ዓለም አቀረበ። በሒሳብ በኩል ከዚህ የጠራ ምሳሌ አልመጣም። ያ ዓለም ግን የራሱ ጠርዝ፣ ማለትም ግድግዳ ያለው፣ እንደ ፈረስ ኮርቻ የሚጎብጥ ነው። የእኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 እንደታወቀው እየፈጠነ ይለጠጣል፤ ስለዚህ የማልዳሴና ስሌት ለእኛ ዓለም "ተረጋገጠ" አያሰኝም።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ሳስረዳ መብራት መጣ፤ ከዋክብቱም ደበዘዙ። ትንሽ አሰብ አደረገችና "ቲቸር፣ እና የእኛ ዓለም ግድግዳው የት ነው?" አለችኝ። ማልዳሴናን ተከትለው የሚሠሩት ሊቃውንትም እስከ ዛሬ መልሱን የሚፈልጉለት ጥያቄ ይኸው ነው አልኳት።