ያገለገለ ደብል ቤዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ደብል ቤዝ (የቫዮሊን ቅርጽ ያለው፣ ቆሞ የሚጫወቱት ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) ማግኘት በራሱ ዕድል ነው። ያገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ ቶሎ ብሎ አናጺ ይጠራል። እባካችሁ አትቸኩሉ። አብዛኛው የድምፅ ችግር ያለው ኮላ በማይነካቸው ክፍሎች ላይ ነው። ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹን ከሆዱ በላይ ደግፎ የያዘው እንጨት፣ የሚቆመው በክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለችው ዘንግም (ሳውንድ ፖስት) በልክ ገብታ በጫና የተያዘች ናት። ስለዚህ አራቱንም ክር በአንዴ አትፍቱ። አንዱን ቀይሩ፣ ወጥሩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ድምፁ ታፍኗል፣ ሲነቀነቅም ውስጡ የሆነ ነገር ይንከባለላል?

ዘንጓ ወድቃለች። በኤፍ ቅርጽ ቀዳዳው በስልክ መብራት አይታችሁ አረጋግጡ። ከወደቀች ክሮቹን ወዲያው አላሉ፤ ያለ ድጋፍ የቀረው የፊት ጣውላ በብሪጁ ጫና ሊሰረጉድ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቦታዋ በሶል ክር (ከአራቱ ቀጭኑ) በኩል ካለው የብሪጅ እግር ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ኮላ አይቀባትም።

ክሩ ከፊንገርቦርዱ (በጣት ከሚጫኑበት ረጅም እንጨት) ርቆ ጣት ይጎዳል?

በፊንገርቦርዱ መጨረሻ ላይ በማስመሪያ ለኩ። የብረት ክር ገጥሞ በጣት ለሚጫወት ሰው ሶል ክር ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ ሚ ክር (ወፍራሙ) ከ9 እስከ 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ይመቻል። ብሪጁ እግሩ ላይ ማስተካከያ ጎማ (እየዞረ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክብ ብሎን) ካለው በእሱ ዝቅ አድርጉት። ከሌለው ከላይ፣ ከክሩ መቀመጫ በኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሞረዳል። እግሩን አትንኩ፤ የጣውላውን ጉብታ ተከትሎ የተላገ ነው።

ወቅቱንም አስቡ። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል። በበጋ ይመለሳል። ነሐሴ ላይ የተሞረደ ብሪጅ ጥር ላይ ክሩን ፊንገርቦርዱ ላይ ያስተኛዋል። እኔ ብሆን መስከረም እስኪጠባ እጠብቃለሁ።

አንዳንድ ኖታ ላይ ዝዝ ይላል?

የአዲስ አበባ የበጋ አየር ደረቅ ነው። እንጨቱ ይሸበሸባል፣ የፊት ወይም የጀርባ ጣውላው ከጎኑ ጋር የተጣበቀበት መስመር ይከፈታል። ጠርዙን ዙሪያውን በጣት አጥንት ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። የተጣበቀው ቦታ ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተከፈተው ይንቋቋል። እዚያ ላይ ቀጭን ወረቀት፣ የገበያ ደረሰኝም ቢሆን፣ አስገቡ። ከገባ ዝዝታው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ኮላው ላይ አደራ! መርካቶ ውስጥ ለወንበርና ለቁም ሳጥን የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ለሥራው ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። እንጨቱ ሲጨማደድ መጀመሪያ መላቀቅ ያለበት መገጣጠሚያው ነው። ኮላው አልላቀቅ ካለ የሚሰነጠቀው ጣውላው ነው። የሚያስፈልገው ከቆዳ የሚሠራ፣ በ60 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ የሚቀባ ኮላ ነው፤ በሙቅ ውሃና በቀጭን ቢላ መልሶ ይከፈታል። አሮጌውን በሙቅ ውሃ ጨርቅ አጽዱ፣ አዲሱን አስገቡ፣ በሞርሳ ያዙት፣ እስከ ማግስቱ አትንኩት። ደብል ቤዛችሁ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ቢሆንም የጠርዙ ሥራ ያው ነው።

ጠርዙ ሁሉ ደህና ከሆነ የመቃኛ ብሎኖቹንና የብሪጁን ጎማዎች አጥብቁ።

ቅኝቱ አልይዝ ይላል?

ስትወጥሩ ክሩ ከላይ፣ አንገቱ ጫፍ ላይ በሚያልፍበት ጎድጓዳ ላይ ቀጭ ቀጭ ካለ ተጣብቋል ማለት ነው። ጎድጓዳውን በእርሳስ ቀቡት። ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ብላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብሪጁን ከጎን እዩት፤ ውጥረቱ ወደ ፊንገርቦርዱ ይጎትተዋል። ካዘነበለ ክሮቹን ትንሽ አላልታችሁ በሁለት እጅ ቀጥ አድርጉት። ችላ ካላችሁት ይቆለመማል ወይም ተስፈንጥሮ ይወድቃል።

አንገቱ ከሥሩ ሲነቃነቅ ካያችሁ ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ክሮቹን አላሉና ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አካባቢ ያሉ የቫዮሊንና የቼሎ ተጫዋቾችን ማን ዘንድ እንደሚያስጠግኑ ጠይቁ።