በሰዓት አንድ ሞዴስ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጀሬ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። አንድ ቀን ደንበኛዬን ልለካ ብድግ ስል የሴትዮዋ ዓይን ወንበሬ ላይ ቀረ። ምንም አላለችም። ነጠላዋን አውርዳ ወገቤ ላይ አሰረችልኝና "በይ አሁን ለኪኝ" አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፔሬዴ ትንሽ በዛ የሚል ብቻ ነበር የሚመስለኝ። እማዬም እንደዚያው ነበረች። "የኛ ቤት ሴት ደሟ ብዙ ነው" ትላለች፣ ልክ እንደ ሙያ።

ስለዚህ አንቺም ደምሽ የበዛ ከመሰለሽ፣ መጀመሪያ የምትቀይሪውን ሞዴስ ቁጠሪ። "ብዙ ነው" ብቻ ብትዪ ሰሚ የለሽም። እኔን አንዱ የጤና ባለሙያ "ስትወልጂ ይተውሻል" ብሎ ሸኝቶኛል። የሁለት ልጆች እናት መሆኔን እንኳ አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ የደንበኛ ልክ የምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ሞዴስ በቀየርኩ ቁጥር አንድ ጭረት። ሙሉ በሙሉ ርሶ ከሆነ መስቀል። የረጋ ደም ከነበረው "ረ"፣ ሌሊት ካስነሳኝ "ሌ"። ሦስት ወር እንዲህ ያዝኩ። በየአንድ ሁለት ሰዓቱ የምትቀይሪ ከሆነ፣ ከ7 ቀን ካለፈ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል የረጋ ደም ካየሽ፣ ወይ ሞዴስ ደርበሽ ካልሆነ ከቤት የማትወጪ ከሆነ፣ በዝቷል ማለት ነው። አንዱ ምልክት ይበቃል። ሐኪሞች በአንድ ዙር ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ይላሉ፤ ግን ማን ይሰፍረዋል?

ደብተሩን ይዤ ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ ገጹን አይተው ብዙም አልጠየቁኝም። የእርግዝና ምርመራ፣ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ አዘዙ። ሄሞግሎቢን የሚሉት የደም ልኬቴ 8 ነጥብ 4 ሆኖ ተገኘ፤ ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። ማዮማም ተገኘብኝ። ማዮማ ሲባል ካንሰር መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ አይደለም፣ በጣም ብዙ ሴት ላይ ያለ የማህፀን እባጭ ነው። አንቺ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል፦ ሆርሞን፣ እንቅርት፣ ፖሊፕ የሚባል ማህፀን ውስጥ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ። ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የወሊድ መከላከያ) ካስገባሽም ተናገሪ፣ እሱም ያበዛል።

መድኃኒቱን ሐኪም ነው የሚመርጥልሽ። ደሙ በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ የሚወሰድ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል አለ፤ ከዚህ በፊት እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም የረጋባት ሴት አትወስደውም። የወሊድ መከላከያ እንክብልና ሆርሞን ያለው ሉፕም ይቀንሳሉ። አይቡፕሮፌን ሕመሙንም ደሙንም ያቀላል፣ ግን ከምግብ ጋር፤ ጨጓራ ካለብሽ ይቅርብሽ። አስፕሪን አትንኪ፣ ደሙን ያባብሰዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ቡና። ለደም ማነሱ የአይረን ክኒን ታዞልኝ ሁለት ወር ዋጥኩ፣ ደሜ ግን ንቅንቅ አላለም። ዶክተሯ "በምንድን ነው የምትውጪው?" አሉኝ። "በቡና" አልኩ። ሳቁ። የጅማ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ! ቡናም ሻይም አይረኑን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። አሁን ጠዋት በባዶ ሆዴ በብርቱካን ጭማቂ እውጣለሁ፣ ብርቱካን ከሌለ ሎሚ በውሃ። አቦሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ። እማዬ መጀመሪያ ቅር አላት፣ አሁን ጀበናውን ከመጣዷ በፊት "ዋጥሽ?" ትለኛለች። ከምሳ በላይ ወዲያው ቡና መደረብም ትቻለሁ፤ የምስሩንና የጎመኑን አይረን እንዳያባክንብኝ። ክኒኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ ሆድ ያደርቃልም፤ አትደንግጪ፣ ውሃ ጠጪ። ከልጆች ግን አርቂው፣ ለሕፃን መርዝ ነው። ቀይ ስር ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል የሚሉሽን ተያቸው። ጉበት ይሻላል።

ስለ ጨርቅ ደግሞ እኔን ስሚኝ። ደም የነካው ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚነከረው፤ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል። ወንበሬ ላይ ጥቁር ድርብ ጨርቅ፣ በመሃሉ ላስቲክ ሰፍቼ አንጥፌያለሁ። የሚታጠብ ሞዴስ ከሆነ የምትጠቀሚው፣ የጅማ ክረምት ጨርቅ አያደርቅም፤ ሳትተኩሺው እርጥቡን እንዳታደርጊ።

ሁለት ሦስት ሰዓት ተከታትሎ በሰዓት አንድ ሞዴስ ከሞላ፣ ዓይንሽ ከጨለመ፣ ልብሽ ድው ድው ካለ፣ ወይ እርግዝና ከጠረጠርሽ፣ እስከ ነገ አትበይ። ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ባጃጅ ላይም ሰው ይዘሽ ውጪ፤ እኔ መጀመሪያ ብቻዬን የሄድኩ ቀን ከባጃጁ ስወርድ ነው የወደቅኩት፣ ሾፌሩ ነው ያነሳኝ።