ምግብ ለጀመረ ሕፃን፦ በእጅ የሚበላ ቦሎቄ

6 ወር የሞላው ልጅ ቤታችሁ ካለ ገንፎና አጥሚት ላይ ብቻ አትቁሙ። ቀይ ቦሎቄ ሞክሩለት። እኔ አራት ኪሎ ሰፈር ካለ ሱቅ ሩብ ኪሎ ነው የምገዛው።

ማታ ዘፍዝፉት። ጠዋት ውሃውን ድፉና በአዲስ ውሃ ጣዱት። እዚህ ላይ አደራ! ጥሬ ወይም በቅጡ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው። የሚጠፋው በደንብ ሲንተከተክ ነው። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ እሳቱንም ጊዜውንም አትቆጥቡ። ፍሬውን በሁለት ጣት ስትጫኑት ፍርክስ ካለ በስሏል።

ከተቀቀለ ስኳር ድንች ጋር ጨፍልቁት። ጨው አይግባበት። ከዚያ በጣታችሁ ርዝመትና ውፍረት ልክ ጠቅልሉትና ዘይት በነካው መጥበሻ ላይ ትንሽ አገላብጡት፤ እንዳይደርቅ ብቻ። ርዝመቱ የሚያስፈልገው ልጅ በዚህ ዕድሜ በመዳፉ ስለሚጨብጥ ነው፤ የሚበላው ከጭብጡ ብቅ ያለውን ጫፍ ነው። የኔ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ጨምቃው በጣቶቿ መሃል ወጣ። ዝም ብዬ አየኋት። መዳፏን ላሰችው፣ ደግማ ዘረጋች። ደስ ሲል!

አጠገቡ ለስላሳ የበሰለ ፓፓያ አድርጉ፤ ቫይታሚን ሲው ከቦሎቄው የሚገኘውን አይረን (የብረት ማዕድን) ሰውነት እንዲወስድ ይረዳል።

ሙሉ ፍሬ ቦሎቄ ወይም ሽምብራ ግን በፍጹም አትስጡ፣ ያንቃል። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ እናንተም ከአጠገቡ አትነሱ።