ከመርፌው ጋር በሰላም ለመዋል

ስፌት መኪና ላይ በተቀመጥኩ በሦስተኛ ወሬ መርፌው ጠቋሚ ጣቴን ከነጥፍሬ በሳው። ክር ላስገባ ጎንበስ ስል እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር። የፋብሪካ መኪና በደቂቃ እስከ 5000 ጊዜ ይወጋል። እጅ ለመሰብሰብ ፋታ የለም።

ስለዚህ ክር ስታስገቡ፣ መርፌ ስትቀይሩ ወይም ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን) ስታወጡ መጀመሪያ መኪናውን አጥፉ። እሱ ብቻ ግን አይበቃም። የድሮው ዓይነት ሞተር ከጠፋም በኋላ ትንሽ ይሽከረከራል። ድምፁ ጭጭ ሲል ፔዳሉን አንዴ ረገጥ አድርጉ። መርፌው ካልተነቃነቀ እጃችሁን አስገቡ።

የጣት መከላከያዋን «ሥራ ታጓትታለች» ብለው የሚፈቱ አሉ። ምን ልደብቅ፣ እኔም ፈትቻት ነበር። አትፍቷት! ከላላች መካኒክ ጥሩ።

መርፌ ሲሰበር ስብርባሪውን ለቅማችሁ ገጣጥሙት። ጫፉ ከጎደለ ልብሱ ውስጥ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳታገኙት ሥራ አትቀጥሉ። ቁልፍ የምትተክሉ ደግሞ የዓይን መከላከያውን አውርዱ። ፀጉርም ሻሽም ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር።

ወንበሩ ዝቅ ካለ ትከሻ ይሰቀላል፤ ማታ የሚያቃጥላችሁ እሱ ነው። ክርናችሁ ከጠረጴዛው እኩል እስኪሆን ከፍ አድርጉት። በየመሃሉም ብድግ በሉ።

ጠዋት ስትገቡ የአደጋ ጊዜ መውጫውን በር እዩት። ጥራጊ ጨርቅ ከዘጋው አንሱ። ከተቆለፈ ግን ዝም አትበሉ። ለብቻ መናገር ከከበደ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አለቃው ጋ ግቡ።